ብርሃን የማይወደው ቢጫ

ሰው በቀላሉ አያስገርመኝም። ሥራዬ እንዲህ አድርጎኛል። ቀኑን ሙሉ የምውለው ሌሎች "ንጹህ ነው" ብለው የላኩልኝን ዱቄት በማሽን እየፈተሽኩ፣ ንጹህ ያልሆነበትን ምክንያት ስፈልግ ነው። በመድኃኒት ፋብሪካ ውስጥ የጥራት መርማሪ ሆኖ ብዙ ወዳጅ ያፈራ ሰው አላውቅም። ጠዋት ከቱሉ ዲምቱ በሚኒባስ ተጋፍቼ ቃሊቲ ስደርስ የሚጠብቀኝ ሰላምታ እንኳ ጥርጣሬ አያጣውም፤ "እድላዊት፣ ዛሬ ደግሞ ምን ልታገኚብን ነው?" ይሉኛል።

ስለዚህ ስለ ጋሽ ወልደሚካኤል ስጽፍ የሚሰማኝ አድናቆት ሳልወድ በግዴ የመጣብኝ ነው ብላችሁ ያዙልኝ። እንዲያውም ሦስት ወር ሙሉ ያንገላታን፣ እኔንና ሶሊያናን ዓይንና ናጫ ያደረገን ጥፋት የእሳቸው ነበር። ያን አውቄ ነው የምጽፈው።

ጋሽ ወልደሚካኤል የአቃቂ በሰቃ ልጅ ናቸው። አባታቸው የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ ልጃቸውን ግን ሐዲዱ አልሳበውም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገብተው፣ ማቅለሚያ ክፍል ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠሩ። እጆቻቸውን ስታዩ ዛሬም ጥፍሮቻቸው ሥር ሰማያዊ ነገር ያለ ይመስላችኋል። የለም፤ ግን ይመስላል።

የሰማያዊውን ክር ነገር ሲያነሡ ዕድሜያቸውን ይረሱታል። "ጨርቁ ከጋኑ ሲወጣ እኮ ሰማያዊ አይደለም እድልዬ፣ እንደ ሐሞት ያለ አረንጓዴ ነው። አየር ሲነካው ነው ዓይንሽ እያየ ሰማያዊ የሚሆነው። ሠላሳ አንድ ዓመት አየሁት፤ አንድም ቀን አልሰለቸኝም" ይላሉ። ቀለሙ በጋኑ ውስጥ ሳለ አየር ካገኘው ይበላሻል። ወጥቶ ከደረቀ በኋላ ግን አለቀ፤ የሚፈራው ነገር የለም። ይህችን ነገር አስታውሷት፤ ኋላ የጎዳችን እሷ ናት።

በማቅለሚያ ክፍሉ አንድ ሥርዓት ነበር። ጨርቁ ሲደርቅ ከጫፉ መዳፍ የምታህል ቁራጭ ይቆረጥና ከናሙናው ጋር ወደ ደጅ ይወጣል። በሰሜን በኩል ባለው በር፣ በቀን ብርሃን፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ይዘው ያስተያዩአቸዋል። አምፖል ሥር መንታ የሚመስሉ ሁለት ሰማያዊዎች ደጅ ሲወጡ አንዱ ወደ ሐምራዊ፣ ሌላው ወደ አረንጓዴ ሊጎትት ይችላል። የመጨረሻውን ፊርማ የሚያኖሩት ጋሽ ወልደሚካኤል ነበሩ። አንድ ጊዜ ሥራ አስኪያጁ መኪና ተጭኖ እየጠበቀ፣ ዝናቡ ደጁን አጨልሞት፣ "ይፈርሙና ይሂድ" ቢሏቸው "ሳላይ አልፈርምም" ብለው ሰማዩ እስኪገለጥ ድረስ መኪናውን እንዳቆሙት ይወራል። እውነት ነው ወይ ብዬ ጠይቄያቸው "አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላም" አሉኝ።

ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ ወጡ። ከዚያ ተቀጥረው ወደ እኛ የመጡት በር ጠባቂ ሆነው ነው።

አሁን ስለ እኛ ፋብሪካ ልንገራችሁ። መድኃኒት እንሠራለን ስንል ክኒን እንጠፈጥፋለን ማለታችን ነው። ዋናው ዱቄት በበርሜል ከባሕር ማዶ ይመጣል፤ እኛ ከስታርች ጋር ደባልቀን፣ ጨምቀን፣ ቀብተን እናሽገዋለን። መርከቡ ከዘገየ ክኒኑም ይዘገያል። ሶሊያና የምትባል፣ የዩኒቨርሲቲ መምህርነቷን ትታ የመጣች ኬሚስት "ዱቄቱን ራሱን ለምን አንሠራውም?" እስክትል ድረስ ማንም ይህን ነገር አላሰበውም ነበር፤ ያሰበውም አፉን ዘግቶ ነበር። ዋና ሥራ አስኪያጃችን አቶ ፈቀደ ነገሩ ባይዋጥላቸውም፣ ከጓሮ ያለውን የካርቶን መጋዘን፣ ሪአክተር የሚባል ባለ ሃያ ሊትር የመስታወት ማፍያና አንድ ዓመት ሰጧት። "አንድ ዓመት። ካልሆነ ካርቶኖቼ ይመለሳሉ" አሉ።

ሶሊያና የመረጠችው ኒፈዲፒንን ነው፤ ለደም ግፊት የሚሰጠውን፣ ብዙ ቤት ውስጥ ከአልጋ ራስጌ የማይጠፋውን። የመረጠችው መንገዱ አጭር ስለሆነ ነው። ሦስት ነገር ብቻ ነው የሚገባው፤ አልዲሃይድ የሚባል አንድ ኬሚካል፣ ከኮምጣጤ ጋር ዝምድና ያለው አንድ ፈሳሽ ሁለት እጅ፣ እና አፍንጫ የሚሰነፍጠው አሞኒያ። ሜታኖል በሚባለው አልኮል ውስጥ ተደርገው፣ ትነቱ እንዳያመልጥ ከላይ እየቀዘቀዘ ተመልሶ እየተንጠባጠበ፣ ለሰዓታት ይፈላሉ። እዚያ ውስጥ አራት ሞለኪውሎች ተፈላልገው ይያያዙና አንድ ባለ ስድስት ማዕዘን ቀለበት ይሠራሉ። ቀለበቱ ሰው ሆድ ከገባ በኋላ የደም ሥርን ጡንቻ ያላላል፣ ግፊቱም ይወርዳል። በቃ፣ ይኸው ነው። እኔ ይህን በትምህርት ቤት ሸምድጄ ፈተና አልፌበታለሁ፤ ገርሞኝ ግን አያውቅም።

ሪአክተሩን የሚያሞቅ ሰው ሲያስፈልግ ሶሊያና ሁለት የተማሩ ልጆች ሞከረች። አንደኛው ቶሎ አጋለው፣ ሁለተኛው ስልኩ ላይ አፍጥጦ አስገነፈለው። ያን ቀን ጋሽ ወልደሚካኤል በር ላይ ሆነው ድምፁን ሰምተው መጡና "ልጄ፣ ይሄ ነገር እየጮኸ ነው፤ የማሞቂያውን ውኃ ቀንሺለት" አሏት። ቀነሰችለት፤ ጸጥ አለ። በማግስቱ የበሩን ካፖርት አውልቀው ነጭ ጋዋን ለበሱ። የኬሚስትሪ ትምህርት የላቸውም፤ ፈሳሽ ቀስ አድርጎ ማሞቅና ቀስ አድርጎ ማቀዝቀዝ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተውታል።

በትልቁ ሪአክተር የመጀመሪያው ሥራ ሲያልቅ እኔም ናሙና ልወስድ እዚያው ነበርኩ። ክፍሉ መስኮቱ በጥቁር ሸራ ተሸፍኗል፤ የሚበራው ቢጫ መብራት ብቻ ነው። ኒፈዲፒን ብርሃን አይወድማ። ፀሐይ ካገኘው ደቂቃዎች ይበቁታል፤ ሌላ ነገር ይሆናል፣ ግፊት የማያወርድ ነገር። ቢጫው መብራት ብቻ አይጎዳውም። ሶሊያና ይህንን ለጋሽ ወልደሚካኤል በመጀመሪያው ቀን ነግራቸዋለች፦ "ጋሼ፣ ይሄ ነገር ብርሃን አይወድም። መጋረጃውን እንዳይከፍቱት፣ ነጩንም መብራት እንዳያበሩት።" እሳቸውም "የኛም አየር አይወድም ነበር" ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

በመስታወቱ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ቀዘቀዘ፤ ምንም የለም፤ ጥርት እንዳለ ነው። ሶሊያና ቀድማ በትንሽ ብልቃጥ ከሠራችው ዱቄት ቆንጥራ ጣለችበት። ለአፍታ ያው ነበር። ከዚያ መሐሉ ላይ አንድ ጭጋግ ነገር ታየ፤ ጭጋጉ ሰፋ፤ ስናየው መላው ፈሳሽ በሚያብለጨልጩ ቅንጣቶች ተሞላና ቀስ እያለ ይወርድ ጀመር። ጋሽ ወልደሚካኤል ቆባቸውን አወለቁ። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲደርሱ የሚያደርጉት እንደዚያ ነው።

"ማን ነግሯቸው ነው?" አሉ በሹክሹክታ።

"ምኑን ጋሼ?" አለች ሶሊያና።

"እንዲህ እንዲሰለፉ። ውኃ ነበሩ እኮ። ማን ነግሯቸው ነው እያንዳንዳቸው ቦታቸውን ያወቁት?"

ሶሊያና ስለ ሞለኪውል ቅርጽ ልታስረዳቸው ጀመረችና ግማሽ ላይ ተወችው። "አላውቅም ጋሼ። እንዴት እንደሆነ ነው የማውቀው፤ ማን እንደነገራቸው አላውቅም" አለች። እኔ የናሙና ጠርሙሴን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። በዚህ ሥራ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ክሪስታል ሲወርድ አይቼ ያስደነገጠኝ ያን ቀን ነው።

አጣርተው ሲያወጡት ጋሽ ወልደሚካኤል ትሪው ላይ አጎንብሰው ፊታቸውን አኮማተሩ። "ይሄ ነው ቢጫ ያልሽኝ? ነጭ ነው እኮ።" እውነታቸውን ነው። በቢጫ መብራት ሥር ቢጫ ነገር ነጭ ይመስላል። ጋዋናችንም፣ ትሪው ላይ ያለው ዱቄትም፣ የሶሊያና ጥርስም አንድ ቀለም ነበሩ። ሶሊያና ሳቀች፤ እሳቸው ግን አልሳቁም።

ዱቄቱ ደርቆ፣ ተነፍቶ፣ እኔ ዘንድ መጣ። ማሽኔ ውስጥ ያለፈ ነገር ሁሉ ወረቀት ላይ ጉብታ ሆኖ ይወጣል። ኒፈዲፒን ትልቁን ጉብታ ይሠራል፤ ባዕድ ነገር ካለ ከጎኑ ትንንሽ ጉብታ ያበቅላል። ከሺህ አንድ ይፈቀዳል። ከትልቁ ጎን የበቀለችው ግን ከሺህ ሁለት ሆነች። ሶሊያና ቅስሟ ተሰበረ። በብልቃጥ የሠራቻቸው አምስቱም ንጹህ ነበሩ፤ ራሴ ነኝ የመረመርኳቸው። በትልቁ ሲሠራ ምን ነካው?

ሁለተኛውን ቀስ እያሉ አቀዘቀዙት፤ ያው ከሺህ ሁለት። ለሦስተኛው ሜታኖሉን እንደገና አጣርታ፣ የማማሰያውን ፍጥነት ቀይራ ሠራችው፤ ከሺህ ሁለት ተኩል። በአንድ ምሳ ሰዓት ላይ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣ ሳለ ጋሽ ወልደሚካኤል ሊያጽናኗት "አይዞሽ ልጄ፣ የኛ እኮ ከፈረንጁ ይደምቃል" አሏት። እኔም እሷም በመልካም ልባቸው የተናገሩት መሰለን። ያን ድምቀት በዚያ መብራት ሥር እንዴት ሊያዩት ቻሉ ብሎ የጠየቀ ሰው የለም። ጥራት መርማሪዋ እኔ ነኝ፤ እኔም አልጠየቅኩም።

አቶ ፈቀደ መጥተው ሪአክተሩን ዞር ዞር ብለው አዩትና፣ የቀረው አልዲሃይድ ለስንት እንደሚበቃ ጠየቁ። "ለአንድ" አለች ሶሊያና። "እንግዲያው አንድ። ያም እንደነዚህ ከሆነ ካርቶኖቼን እመልሳለሁ" አሉና ሄዱ። ሰውየው ክፉ አይደሉም፤ የተናገሩትን ግን ያደርጋሉ።

የተጣላነው ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። እኔ የዚያችን ትንሽ ጉብታ ቦታ ሳጠና ሰንብቼ "ይሄ የብርሃን ጥፋት ነው" አልኳት። ለማወዳደሪያ የሚገዛው ማረጋገጫ ዱቄት አልነበረኝም፣ ራሴ ፀሐይ ላይ አውጥቼ ልፈትነውም አላሰብኩም፤ ያልኩት በጥርጣሬ ነው።

"የኔ ክፍል መቃብር ነው" አለችኝ ዓይኗ ደም ለብሶ። "ብርሃን የሚገባበት ስንጥቅ የለውም። ብርሃን ከሆነ ያንቺ ክፍል ነው። አንቺ ነሽ ያበላሸሽው።"

"እኔ?" አልኩ። ጠርሙሶቼ ሁሉ ቡናማ ናቸው፣ መብራቴም እንደ እሷው ቢጫ ነው። ከዚያ በኋላ የተባባልነውን አልጽፈውም። ጋሽ ወልደሚካኤል ጥግ ላይ ትሪ እያጠቡ ነበር። ትሪው ከእጃቸው አምልጦ ገንዳው ውስጥ ሲወድቅ ሁለታችንም ዘወር አልን።

"የደረቀውንም?" አሉ። "ብርሃን የደረቀውንም ያበላሻል?"

"የደረቀውንም ጋሼ" አልኩ እንደተቆጣሁ።

ትሪውን አንሥተው አጥበው፣ በጨርቅ አድርቀው ቦታው አኖሩት። እኔ በንዴት ክፍሌን በአልሙኒየም ወረቀት ስለብጥ አመሸሁ፤ የበሩን ቁልፍ ቀዳዳ እንኳ አልቀረም።

በማግስቱ ጠዋት ስደርስ በሬ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ሶሊያናንም አስጠርተዋታል። ነጩን ጋዋን አልለበሱም፤ አጣጥፈው በክንዳቸው ይዘውታል።

ከኮት ኪሳቸው ሁለት የተጠቀለሉ ወረቀቶች አወጡ። በእያንዳንዱ ውስጥ ግማሽ ክኒን አለ። ክኒኑ ውጩ ቀይ ነው፤ ሲሰበር ግን መሐሉ ቢጫ ነው።

"ይሄ የወርቅነሽ መድኃኒት ነው" አሉ። ወርቅነሽ ባለቤታቸው ናት። ከሁለት ዓመት በፊት ይኸው ክኒን ከየፋርማሲው ጠፍቶ፣ እሳቸው ከሳሪስ እስከ መርካቶ ሲዞሩ፣ በአርባኛው ቀን ግፊቱ ጣላት። ቀኝ እጇ እስካሁን አይነሣም። ይህንን እኛ አናውቅም ነበር፤ ነግረውን አያውቁም።

"ይሄኛውን አምና ሥራ ስንጀምር ነው የሰበርኩት፤ ናሙና ብዬ። ይሄኛውን ትናንት ማታ ሰበርኩት። ተመልከቷቸው።"

ተመለከትን። እውነቱን ልናገር፣ እኔ ልዩነት አላየሁም። ሶሊያና ወደ ኮሪደሩ መስኮት ጠጋ ብላ አገላበጠቻቸውና ቆየት ብላ "አንዱ ትንሽ ደብዝዟል" አለች።

"ትንሽ አይደለም" አሉ ጋሽ ወልደሚካኤል። "የአምናው ቢጫ ሞቷል፤ ወደ አረንጓዴ ዞሯል። እኔ ደግሞ የኛ ዱቄት ከሱ ሲደምቅብኝ ጊዜ የኛ በለጠ ብዬ ደስ አለኝ። የበለጠ አይደለም፤ ናሙናዬ ነው የተበላሸው። በኪሴ ይዤ ፀሐይ እያሳየሁት።"

ከዚያ ሁሉን ነገሩን። ዱቄቱ በደረቀ ቁጥር እኛ ምሳ ስንወጣ፣ አንድ ትልቅ ማንኪያ ዘግነው በጓሮ በር ይወጣሉ። ነጭ ጨርቅ ላይ በስሱ ይበትኑታል። ግማሹን ክኒን አጠገቡ አድርገው በቀን ብርሃን ያስተያዩታል። አንዳንዴ አሥር ደቂቃ፣ ደመና ካለ ሩብ ሰዓት። ልክ መሆኑን ሲያረጋግጡ ጨርቁን አራግፈው፣ እንዳይባክን ብለው መልሰው ትሪው ውስጥ ይጨምሩና ከሌላው ጋር ይነፉታል። አንዲት ቅንጣት አላባከኑም።

"ብርሃን አይወድም ስትይኝ ውኃው ውስጥ ሳለ መሰለኝ ልጄ። በኛ ቤት የደረቀ ነገር አይፈራም። በዚያ መብራት ደግሞ ምንም አይታይም። ሳላየው ለሰው ይሂድ ማለት አልሆንልህ አለኝ። ለሷም ነው የሚሄደው ብዬ።" ጋዋኑን ዘረጉላት። "ሦስቱንም ያበላሸሁት እኔ ነኝ። እድላዊት ምንም አላደረገችም። ለአቶ ፈቀደም እኔው እነግራቸዋለሁ።"

ተቆጣሁ። ሦስት ወር! ያን ሁሉ ሜታኖል፣ ያን ሁሉ ጭቅጭቅ፣ ያን ሁሉ የቁልፍ ቀዳዳ። ልጮህባቸው አፌን ከፈትኩና፣ የወጣው ጥያቄ ሆነ፤ "ማንኪያው የቱ ነው?"

አሳዩኝ። በማንኪያው ዘግኜ መዘንኩ፤ ሰባት ግራም። አንድ ጊዜ የምንሠራው አንድ ኪሎ ተኩል ነው። ከሰባቱ ግራም ግማሹ እንኳ ፀሐዩ ቢደርስበት ስንት እንደሚሆን በጭንቅላቴ አሰላሁት፤ ከሺህ ሁለት፣ ከሺህ ሁለት ተኩል። ከአምስቱ ንጹህ የብልቃጥ ሥራዎች ከተረፈው ላይ ቆንጥሬ፣ ጓሮ ወጥቼ፣ እሳቸው እንደሚያደርጉት ነጭ ጨርቅ ላይ በስሱ በትኜ አሥር ደቂቃ ጠበቅኩ። ሟሙቶ ማሽኑ ውስጥ ሲያልፍ ያቺ ጉብታ በዚያው ቦታዋ፣ በዚያችው ደቂቃ፣ ተራራ ሆና ወጣች።

ሶሊያና ከኋላዬ ቆማ ነበር። አላለቀሰችም፤ ወንበር ስባ ተቀመጠች። "መንገዱ ልክ ነበር" አለች። "እድላዊት፣ መንገዱ ልክ ነበር።" ከዚያ ይቅርታ ጠየቀችኝ፤ እኔም ጠየቅኳት። የእኔ ማሽን ሦስት ወር ያጉረመረመበትን ነገር እኚህ ሰውዬ በሁለት ግማሽ ክኒንና በዓይናቸው በአንድ ሌሊት አገኙት። ያገኙት ደግሞ በገዛ ራሳቸው ላይ ነው። ዝም ቢሉ ማንም አያውቅም ነበር።

ለአቶ ፈቀደ ራሳቸው ነገሩ፤ ሶሊያና አብራ ገባች። በሩ ተዘግቶ ስለነበር ምን እንደተባለ አላውቅም። ሲወጡ ጋሽ ወልደሚካኤል ጋዋኑን ለብሰው ነበር። ሶሊያና ብቻ "ያለሳቸው አላሞቀውም አልኳቸው" አለችኝ።

የመጨረሻውን አልዲሃይድ ሐሙስ ዕለት ገለበጡት። ጋሽ ወልደሚካኤል ማሞቂያው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ከጠዋት ጀምሮ አልተነሡም። ድምፁን እያዳመጡ ውኃውን ይጨምራሉ፣ ይቀንሳሉ። ዓርብ ማለዳ ሶሊያና ዘሩን፣ ያቺን ቁንጥር ዱቄት፣ ስትጥል ሦስታችንም መስታወቱ ላይ አጎነበስን። ጭጋጉ መጣ፤ ሰፋ፤ ክሪስታሉ መውረድ ጀመረ። ቆባቸውን አወለቁ። ያየሁትን ነገር ደግሜ ሳየው ይቀንሳል ብዬ ነበር፤ አልቀነሰም። እንዲያውም እኔ ራሴ "ማን ነግሯቸው ነው" ስል ራሴን ያዝኩት።

ሊያጣሩ ሲሉ ጋሽ ወልደሚካኤል ተነሡ። የጓሮውን በር ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ለሶሊያና ሰጡ። "ከዚህ በኋላ እኔ ውጭ ልሁን" አሉ።

"ማን አስወጣዎት?"

"ማንም። እጄን አላምነውም ልጄ። ሠላሳ አንድ ዓመት የለመደ እጅ ነው።"

ወጥተው የግቢው ግንብ ሥር ፀሐይ ላይ ተቀመጡ። ዱቄቱ ሲጣራ፣ ሲደርቅ፣ ሲነፋ ያ ቀንና የቅዳሜ ግማሽ አለቀ። ምግባቸውን እዚያው ይበላሉ። እኔ በኮሪደሩ መስኮት ሳያቸው ነጭ ጨርቃቸውን አጣጥፈው ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጥቁሩ ሸራ ላይ ተክለው ይውላሉ። ስንት ጊዜ ሄጄ ይግቡ ልላቸው ቃጣኝ። ምን እላቸዋለሁ?

ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ናሙናው መጣልኝ። ማሽኑ ውስጥ አስገብቼ ቆምኩ። ትልቁ ጉብታ ወጣ፤ ወረደ። ያቺ የክፉ ቀን ደቂቃ ደረሰች። መስመሩ ሄደ፣ ሄደ፣ ሜዳ ሆኖ አለፈ። አላመንኩም፤ ሁለተኛ ደገምኩት፣ ሦስተኛ ደገምኩት። ሜዳ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ጥፋት ስፈልግ ኖሬ፣ ባዶ መስመር አይቼ እንዳለቀስኩ ይህንን የምታነቡ የሥራ ባልደረቦቼ ዛሬ ስሙት።

ወረቀቱን ይዤ ሮጥኩ። ሶሊያና የሥራ መዝገቡን ይዛ ከዚያ ጨለማ ክፍል ወጣች። ሁለታችን ግንቡ ሥር ስንደርስ ጋሽ ወልደሚካኤል ፊታችንን አይተው ተነሡ። ወረቀቱን ሰጠኋቸው። "ይሄን ፀሐይ ላይ ማየት ይችላሉ" አልኳቸው። በጣታቸው መስመሩን ከዳር እስከ ዳር ተከተሉት። ትንሿ ጉብታ ልትሆን ይገባት የነበረው ቦታ ላይ ጣታቸው ቆመ።

"እዚህ ነበረች?"

"እዚያ ነበረች።"

"ሄደች።"

"ሄደች ጋሼ።"

ከዚያ ሶሊያና መዝገቡን ዘረጋችላቸው። ሪአክተሩን ያንቀሳቀሰው ሰው የሚፈርምበት መስመር ባዶ ነበር። ከጎኑ "መልኩ፦ ቢጫ ዱቄት" ተብሎ ተጽፏል። እስክሪብቶውን ያዙ። ግራ እጃቸው ወደ ኮት ኪሳቸው ሄደ፤ ግማሹ ክኒን ወዳለበት። እዚያ ቆየ። ቀና ብለው መስኮቱን የሸፈነውን ጥቁር ሸራ አዩት። ይህ ዱቄት ገና ብዙ ወራት መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ ይፈተናል፤ ወርቅነሽ ዘንድ ለመድረስ ሩቅ ነው። ይህንንም ያውቃሉ።

እጃቸው ከኪሳቸው ባዶውን ወጣ። አጎነበሱና ስማቸውን ከነአባታቸው በሰፊው ጽፈው ፈረሙ።

"እድልዬ" አሉኝ መዝገቡን እየመለሱ፣ "ቢጫ ነው?"

እኔ ያላየሁትን ነገር አይቻለሁ ብዬ አላውቅም። ያን ዱቄት ደግሞ ያየሁት በቢጫ መብራቴ ሥር፣ ከጋዋኔ ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ ነው።

"ቢጫ ነው ጋሼ" አልኳቸው።